መምህር ለመሆን የሚሻ ተማሪ ምን ይማር?

(ለማኅበሩ አባሎች የተደረገ ንግግር)




ስለ ትምህርት ምርጫ እንድናገር በተጠየቅሁ ጊዜ በመጀመሪያ ወደ ሐሳቤ የመጣው መጽሐፍ ወይም መመሪያ አልነበረም፤ ከግሼ የመጡ አንድ ገበሬ ያቀረቡልኝ ጥያቄ ነበር። እኒህ ሰው በገበያ ቀን በጎቻቸውን ሸጠው ወደ አገራቸው ሲመለሱ ከደጄ ቆመው «ቤቶች!» አሉ። ገብተው አረፍ ካሉ በኋላ ስለ ዝናሙና ስለ ገብሱ ጥቂት ተጨዋወትን። ቀጥሎም፣ «መምህር፣ ልጄ ዘንድሮ 10ኛ ክፍልን ይጨርሳል። እንደ እርስዎ አስተማሪ ነው የምሆነው ይላል። እኔ አልከለክለውም። ነገር ግን ለከርሞ የሚማሩትን ምረጡ ተብለናል አለኝ፤ ምን ይማር?» ሲሉ ጠየቁኝ።

ከ40 ዓመት በላይ በማስተማር ኖሬ ለዚህ ጥያቄ በአንድ ቃል መልስ ልሰጥ አልቻልሁም። «ልጁን ይዘውት ይምጡ» ብዬ ሸኘኋቸው። ዛሬ በፊታችሁ የማነበው ጽሑፍ ያን ጊዜ ያጣሁትን መልስ ስፈልግ የተዘጋጀ ነው።

ጥያቄው ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ሐኪም ለመሆን የሚሻ ልጅ ባዮሎጂና ኬሚስትሪ፣ መሐንዲስ ለመሆን የሚሻ ደግሞ ሒሳብና ፊዚክስ ማጥናት እንዳለበት ማንም ያውቃል። ስለ መምህር ሲነሣ ግን «እሱማ የትኛውንም ቢማር ይሆናል» ይባላል። «የትኛውንም ቢማር» የሚለው አነጋገር በተግባር ሲተረጐም «የተረፈውን ይማር» ማለት ሆኖ ብዙ ዘመን ቆይቷል። እኔ ዛሬ ለማስረዳት የምሞክረው የዚህን ተቃራኒ ነው። መምህር ለመሆን የሚሻ ተማሪ ከማንም ይበልጥ የሚማረውን መርጦ መማር አለበት። ለምን እንደዚህ እንደምል ለማስረዳት ራሴ የሠራሁትን ስሕተት ልንገራችሁ።

የዘጠና ዲግሪ ነገር

በ1970ዎቹ፣ ያን ጊዜ የመንዝና ግሼ አውራጃ ይባል በነበረው አገር፣ በደጋው ላይ በምትገኝ አንዲት ትምህርት ቤት ተመድቤ አስተምር ነበር። በሁለተኛ ደረጃ ስማር የወደድሁት ታሪክንና አማርኛን ነው፤ ፊዚክስን የተማርሁት ለፈተና ያህል ብቻ ነበር። ትምህርት ቤቱ ግን የሳይንስ አስተማሪ አልነበረውምና ከታሪኩ ጋር ሳይንስም ለእኔ ተሰጠኝ። እኔም ወጣት ነበርሁና አልችልም ለማለት አፈርሁ።

አንድ ቀን ስለ ውሃ መፍላት ሳስተምር፣ ከዕቃ ቤት የተገኘውን ብቸኛ ቴርሞሜትር ይዤ፣ በከሰል ምድጃ ላይ ድስት ጥጄ፣ ተማሪዎቹን በዙሪያው አሰባሰብሁ። መጽሐፉ ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንደሚፈላ ይናገራል። ውሃው ተንፈቀፈቀ፤ እንፋሎቱ ወጣ። አንዲት ልጅ ጐንበስ ብላ ቴርሞሜትሩን አነበበችና «መምህር፣ ዘጠና ነው» አለች። «ቆይ፣ ገና አልፈላም» አልኋት። ጠበቅን። ውሃው እየተንፈቀፈቀ እየጐደለ ሄደ፤ ቴርሞሜትሩ ግን ከ90 ንቅንቅ አላለም። ልጅቱም ደግማ «ዘጠና ነው» አለች። እኔም «ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል፤ መቶ ብለሽ ጻፊ» አልኋት። ልጅቱ አንድ ጊዜ ወደ ድስቱ፣ አንድ ጊዜ ወደ እኔ ተመለከተች። ከዚያም በደብተርዋ ላይ ዘጠናውን ሠርዛ መቶ ጻፈች።

ቴርሞሜትሩ አልተበላሸም ነበር። ውሃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው በባሕር ወለል ላይ ነው። ወደ ላይ በተወጣ መጠን አየሩ እየሳሳ፣ በውሃው ላይ ያለውም ግፊት እየቀነሰ ስለሚሄድ፣ ውሃው ባነሰ ሙቀት ይፈላል። ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው በመሐል ሜዳ አካባቢ ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ግድም ነው። ከዚያ ተነሥቶ ወደ መርሐቤቴ ቆላ፣ ወደ ጀማ ሸለቆ የወረደ ሰው ያንኑ ቴርሞሜትር ይዞ ውሃ ቢያፈላ 95 ገደማ ያነባል። የመንዝ እናቶች ይህን በቴርሞሜትር ሳይሆን በማገዶ ያውቁታል፤ የባቄላ ንፍሮ በደጋ ከቆላ ይልቅ ብዙ እንጨትና ብዙ ጊዜ እንደሚፈጅ ማንም አላስተማራቸውም። እንግዲህ በዚያ ክፍል ውስጥ ሐቁን ያየችው ተማሪዋ፣ ሐቁን ያሠረዛት ደግሞ መምህርዋ ነበር ማለት ነው።

ይህን የተረዳሁት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ለክረምት ትምህርት በሄድሁበት ጊዜ፣ ከአንድ የፊዚክስ መምህር አንደበት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደጋግሜ ራሴን የጠየቅሁት «ለምን አላወቅሁም?» ብዬ አይደለም። አለማወቅ በማንም ላይ ይደርሳል። የጠየቅሁት «ለምን አላመንኋትም?» ብዬ ነው። በታሪክ ትምህርት አንድ ተማሪ ተነሥቶ «አያቴ የነገሩኝ ከመጽሐፉ ጋር አይስማማም» ቢለኝ ደስ እያለኝ «እስኪ የሰማኸውን ንገረን» እለው ነበር። መጽሐፉንና የአያቱን ቃል እያመዛዘንን ሰዓቱ ያልቅብን ነበር። በሳይንስ ግን ጥያቄ በተነሣ ቁጥር ልቤ ይፈራ ነበር። የፈራ መምህር ደግሞ መጽሐፉን እንደ ጋሻ ይዞ ከኋላው ይሸሸጋል።

ስለዚህ ለመምህርነት የሚመረጠው ትምህርት ውጤት የሚበዛበት ብቻ አይደለም፤ ሰው ጥያቄ የማይፈራበት ትምህርት ነው። የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገር ይኸው ነው፤ የቀረው ማብራሪያ ነው።

የመጣንበት መንገድ

ይህ አስተሳሰብ አዲስ አይደለም። በአገራችን የቆየው የቤተ ክህነት ትምህርት መምህራንን ያፈራው በዚሁ መንገድ ነበር። ፊደልና ንባብ፣ ዳዊትም ለሁሉም የጋራ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ተማሪው የሚፈልገውን ትምህርት ለይቶ፣ ስልቻውንና ደበሎውን ይዞ፣ ትምህርቱ ወዳለበት ይሄዳል። ድጓን የፈለገ ወደ ቤተ ልሔም፣ ዝማሬና መዋሥዕትን የፈለገ ወደ ዙር አምባ፣ ቅኔን የፈለገ ወደ ዋሸራ ወይም ወደ ጐንጅ ይጓዛል። ከመንዝና ከመርሐቤቴ ዓባይን ተሻግሮ ጐጃም መግባት ለአንድ ወጣት ቀላል ጉዞ አልነበረም። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ትምህርቱ በቅርብ ስለ ተገኘ ሳይሆን ስለ መረጠው ነው። በጉባኤውም ውስጥ ከፍ ያለው ተማሪ ዝቅ ያለውን ያስቀጽላል፤ ስለዚህ መምህር ተብሎ ወንበር ከመትከሉ በፊት ለዓመታት ሲጠየቅና ሲመልስ ይቆያል። ጥያቄ የሚፈራ ሰው ከዚያ ወንበር አይደርስም።

በዘመናዊው ትምህርት ደግሞ መንገዱ ብዙ ጊዜ ተለዋውጧል። በእኛው አገር በ1940ዎቹ በማጀቴ የተጀመረውና ጥቂት ቆይቶ ወደ ደብረ ብርሃን የተዛወረው የማኅበረሰብ ትምህርት ቤት መምህራን ማሠልጠኛ ለገጠር የሚላኩ መምህራንን ከፊደልና ከቁጥር ጋር የጤና አጠባበቅን፣ የእርሻንና የእጅ ሥራን ያስተምር ነበር። መምህሩ ከአንድ የትምህርት ዓይነት ይልቅ ለአንድ መንደር የተዘጋጀ ሰው ነበር። በኋላም በደርግ ዘመን 12ኛ ክፍልን የጨረሰ ወጣት በማሠልጠኛ ተቋም አንድ ዓመት ሠልጥኖ ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ሁሉንም ትምህርት እንዲያስተምር ይላክ ነበር። ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል ኮተቤን የመሰሉ ኮሌጆች በዲፕሎማ፣ ለሁለተኛ ደረጃ ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ፋኩልቲ በዲግሪ ያሠለጥኑ ነበር። በ1965 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው የባሕር ዳር ፔዳጎጂ አካዳሚም የአሠልጣኞች ማፍሪያ ሆኖ አገልግሏል።

ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የመለያያ በር ሆነ። ከፍ ያለ ውጤት ያመጣው ወደ መሰናዶ ገባ፤ ያላመጣው ወደ ቴክኒክና ሙያ ወይም ወደ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ሄደ። በኮሌጆቹም ቈይቶ ለ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ሁሉንም የሚያስተምሩት፣ ለ5ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ደግሞ አንድ ትምህርት ለይተው የሚያጠኑት ተለዩ። ይህ ለይቶ ማጥናት በራሱ መልካም ነበር። ጉዳቱ ግን ሕፃናትን ፊደል የማስቈጠሩ ሥራ ከሁሉ በላይ ብርቱ ሰው የሚፈልግ ሆኖ ሳለ፣ በሩ ላይ «ሌላ ያልሆነለት ይግባ» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈ ያህል መቈጠሩ ነው። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ወደ ዩኒቨርሲቲ ከሚገቡት መካከል 70 በመቶው በሳይንስና በቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው በማኅበራዊ ሳይንስ እንዲመደቡ ተወሰነ።

ስለዚህ ውሳኔ አገራዊ ጥቅምና ጉዳት ሌሎች ይናገሩ። እኔ የምናገረው በመንደሬ ስላየሁት ነው። በዚያ ዘመን ታሪክና ጂኦግራፊን አጥብቆ የሚወድ አንድ ተማሪ ነበረኝ። የአካባቢውን ወንዞች፣ ሞፈር ውሃንና ወንጪትን ከምንጫቸው እስከ መጋጠሚያቸው በእጁ ሥሎ አምጥቶ ያሳየኝ ልጅ ነው። አስተማሪ ለመሆን ይፈልግ ነበር። የመሰናዶ ምርጫ በደረሰ ጊዜ ሊያማክረኝ መጣ። እኔም «ልጄ፣ 30 ወንበር ካለበት ይልቅ 70 ወንበር ወዳለበት ብትሄድ ይሻልሃል፤ ደግሞስ ይህን የመሰለ ውጤት ይዘህ እንዴት አስተማሪ እሆናለሁ ትላለህ?» አልሁት። ምክሬን ሰማ። ተፈጥሮ ሳይንስ ገባ፤ ዩኒቨርሲቲም ባልጠበቀው የፊዚክስ ክፍል ተመደበ፤ ተመርቆ ሥራ ሲያጣ የአንድ ዓመቱን የድኅረ ምረቃ የማስተማር ዲፕሎማ ወሰደ፤ በመጨረሻም በቆላው በአንድ ትምህርት ቤት የፊዚክስ አስተማሪ ሆነ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሊጠይቀኝ መጥቶ «መምህር፣ የፈለግሁበት ቤት ደርሻለሁ፤ የገባሁት ግን ባልፈለግሁት በር ነው። ተማሪ እጁን ባወጣ ቁጥር እደነግጣለሁ» አለኝ። ያን ጊዜ ዘጠናውን የሠረዘችው ልጅ ትዝ አለችኝ። ሁለት ጊዜ፣ በሁለት ትውልድ፣ ያንኑ ስሕተት ሠርቻለሁ። በመጀመሪያው ያልመረጥሁትን አስተማርሁ፤ በሁለተኛው ደግሞ መርጦ የመጣውን አስመለስሁ።

ምርጫው እንዴት ይሁን?

እንግዲህ ወደ ገበሬው ጥያቄ ልመለስ። ዛሬ ተማሪው በ9ኛና በ10ኛ ክፍል ሁሉንም ትምህርት ይማራል፤ 11ኛ ክፍል ሲገባ ወደ ተፈጥሮ ሳይንስ ወይም ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ ይለያል። ፊዚክስን፣ ኬሚስትሪን ወይም ባዮሎጂን ለማስተማር የሚሻ በመጀመሪያው፣ ታሪክን፣ ጂኦግራፊን ወይም ኢኮኖሚክስን ለማስተማር የሚሻ በሁለተኛው መንገድ ይሄዳል። የተሳሳተውን መንገድ ይዞ 12ኛ ክፍልን ለጨረሰ ልጅ መመለሻው ሩቅ ነው። ስለዚህ ልጁ ራሱን መመርመር ያለበት 10ኛ ክፍል ሳያልቅ ነው። ለምርመራው የሚረዱ አራት ነገሮች አሉ ብዬ አምናለሁ።

አንደኛው፣ ውጤቱን ብቻ ሳይሆን ራሱን በማስቀጸል ይፈትን። በሒሳብ 90 ያመጣ ልጅ ሁሉ ሒሳብ ያስተምራል ማለት አይደለም። ታናሽ እኅቱን ወይም የጐረቤቱን ልጅ አስቀምጦ ያስረዳ። ልጅቱ ሳይገባት ስትቀር ሌላ ምሳሌ ወደ አእምሮው ይመጣለታል ወይስ ያንኑ ቃል ድምፁን ከፍ አድርጎ ይደግማል? ስትጠይቀው ይደሰታል ወይስ ይቈጣል? በአንድ ትምህርት የሚቈጣ ልጅ በሌላው ታጋሽ ሆኖ ይገኛል። የታገሠበት ትምህርት የእሱ ነው። እኛም ብንሆን ከፍ ያሉት ተማሪዎች ዝቅ ያሉትን የሚረዱበት ሰዓት በየትምህርት ቤታችን ብንከፍት፣ ከማንኛውም መጠይቅ ይልቅ የነገውን መምህር ለይቶ ያሳየናል።

ሁለተኛው፣ የትኛውንም መንገድ ቢመርጥ ቋንቋንና ሒሳብን አይጣል። በክልላችን የመጀመሪያው ደረጃ ትምህርት በአብዛኛው የሚሰጠው በአማርኛ ነው፤ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ግን በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ፊዚክስም ያስተምር ታሪክ በየቀኑ የድልድይ ሥራ ይሠራል። ድልድዩ ጠንካራ የሚሆነው በሁለቱም ዳር ሲተከል ነው፤ እንግሊዝኛውን ብቻ የሚያውቅ ተማሪውን ማዶ ሆኖ ይጣራል፤ አማርኛውን ብቻ የሚያውቅ ደግሞ አያሻግርም። ሒሳብን በተመለከተ «እኔ ታሪክ ስለምወድ ሒሳብ አያስፈልገኝም» የሚለውን አነጋገር ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ ራሴም ብዬዋለሁ። ነገር ግን የዘመን አቈጣጠርን ከዘመን አቈጣጠር ሳያመሳክር፣ ካርታን በመለኪያው ሳያነብ፣ የሕዝብ ቈጠራን ቍጥር ሳያመዛዝን ታሪክንና ጂኦግራፊን ማስተማር አይቻልም።

ሦስተኛው፣ ከዋናው ትምህርት አጠገብ አንድ ጐረቤት ትምህርት ይያዝ። በከተማ ትምህርት ቤት ለእያንዳንዱ ትምህርት መምህር ሊገኝ ይችላል። በራቤል፣ በመራኛ ወይም በዘመሮ ዙሪያ ባሉ የገጠር ትምህርት ቤቶች ግን አንድ መምህር ሲታመም ወይም ሲዛወር ሌላው የእሱን ክፍል መሸፈኑ የማይቀር ነው። ይህን አስቀድሞ የሚያውቅ ልጅ ፊዚክስን ከሒሳብ፣ ኬሚስትሪን ከባዮሎጂ፣ ታሪክን ከጂኦግራፊ፣ አማርኛን ከግእዝ አስጠግቶ ያጥና። እኔን ያሳፈረኝ ሁለተኛ ትምህርት መሰጠቱ አልነበረም፤ የተሰጠኝ ትምህርት ከቤቴ እጅግ የራቀ መሆኑ ነው።

አራተኛው፣ ትምህርቱን በአገሩ ላይ ሊያየው ይቻለው እንደሆነ ይጠይቅ። ከመሐል ሜዳ ብዙ ሳይርቅ የሚገኘውን ጓሳን እንውሰድ። ከ3,200 ሜትር በላይ በሆነው በዚያ ደጋ ላይ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ፣ ጅብራና አስታ ይገኛሉ። ይህን አይቶ «ቀበሮው ስለ ምን በዚህ ብቻ ቀረ? ምን ይበላል?» ብሎ የሚጠይቅ ልጅ ባዮሎጂን ይማር። «ከዚህ የሚነሣው ውሃ ወዴት ይወርዳል? ጉሙስ ከየት ይመጣል?» የሚል ጂኦግራፊን ይማር። ጓሳው በቀሮ ሥርዓት ለብዙ ትውልድ ተጠብቆ፣ ሣሩ ለቤት ክዳን የሚታጨድበት ጊዜ በአባቶች ውሳኔ እየተከፈተና እየተዘጋ መኖሩን፣ ሥርዓቱም ከ1967ቱ የገጠር መሬት ዐዋጅ በኋላ መፍረሱን፣ ከዚያም ኅብረተሰቡ በሌላ መልክ ጥበቃውን መቀጠሉን ሰምቶ እንቅልፍ የሚነሣው ልጅ ታሪክን ይማር። «ስንት በግ ቢሰማራበት ሣሩ ይበቃል?» የሚል ደግሞ ሒሳብንና ኢኮኖሚክስን ይማር። ተራራው አንድ ነው፤ ጥያቄው ግን ልጁን ይለየዋል። ልጁ የሚጠይቀውን ጥያቄ ያዳመጠ መምህር ምን መማር እንዳለበት ሊነግረው ይችላል።

የእኛ ድርሻ

ውድ ባልደረቦቼ፣ እስካሁን የተናገርሁት ሁሉ በተማሪው ላይ ሸክም የጣልሁ ሊያስመስልብኝ ይችላል። ነገር ግን ምርጫው በአብዛኛው የሚወሰነው በእኛ አፍ ነው። አንድ ጐበዝ ተማሪ «አስተማሪ እሆናለሁ» ባለ ጊዜ በመምህራን ክፍል ውስጥ የሚሰማውን ሳቅ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ያን ሳቅ የምንስቀው እኛ ነን። የራሳችንን ሙያ በራሳችን አፍ አዋርደን፣ ኅብረተሰቡ ያከብረው ዘንድ እንዴት እንጠብቃለን?

ይህን ስል ሳቁ ከየት እንደሚመጣ ዘንግቼ አይደለም። የመምህሩ ደመወዝ ከኑሮው ጋር አልተመጣጠነም፤ በደጋ ትምህርት ቤት የሚኖር ወጣት መምህር ለቤት ኪራይና ለቀለብ ከፍሎ ለመጽሐፍ የሚተርፈው የለም። የኅዳር 2014 ጦርነት በሰሜን ሸዋ ያለፈባቸው አሉ፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ግጭትም ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ልጆች ከክፍል ውጪ ሆነው ዓመታት አልፈዋል፤ መምህራንም ተሰደዋል፣ ሕይወታቸውን ያጡም አሉ። በዚህ ሁሉ መካከል «ልጅህ መምህር ይሁን» ብሎ መምከር ድፍረት መሆኑን አውቃለሁ። ፍቅር ብቻውን እንጀራ አይሆንም፤ ማኅበራችንም ስለ ደመወዝና ስለ ደኅንነት የሚያሰማውን ድምፅ አንድ ቀን እንኳ ማቋረጥ የለበትም።

ነገር ግን ሌላውንም ወገን እንይ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከግማሽ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ። በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ደረሰ። ስለነዚህ ቍጥሮች ብዙ ምክንያት ሊሰጥ ይችላል፤ ጦርነቱም፣ የመጽሐፍ እጥረቱም፣ የቋንቋው ችግርም እውነት ነው። ሆኖም ከምክንያቶቹ አንዱ እኛ የምናውቀው፣ በሪፖርት ግን የማንጽፈው ነው፤ ይኸውም በየክፍሉ ዘጠናውን መቶ እያሰኘ የሚያልፍ ያልመረጠ መምህር መኖሩ ነው። እንዲህ ያለው መምህር ክፉ ሰው አይደለም። እኔም ክፉ ሰው አልነበርሁም። የፈራ ሰው ነበርሁ።

ለእንዲህ ያለው ባልደረባም አንድ ቃል አለኝ። ሳይመርጡት የገቡበትን ትምህርት ኋላ መርጦ መያዝ ይቻላል። እኔ ፊዚክስን የወደድሁት ከዚያ ክረምት በኋላ፣ የራሴን ስሕተት ለመረዳት ስል ማንበብ በጀመርሁ ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲያ «አላውቀውም፤ ነገ አብረን እንየው» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ተማርሁ። ያ ዐረፍተ ነገር ከብዙ ፍርሃት አዳነኝ። ያ የወንዝ ካርታ ሠዓሊ ተማሪዬም ይህንኑ መንገድ ይዟል። ስለ ግፊትና ስለ ፍሰት ሲያስተምር ልጆቹን ወደ ጀማ ዳር ይዞ እንደሚወርድ ነግሮኛል። ጂኦግራፊውን በፊዚክሱ በር አስገብቶታል ማለት ነው።

በመጨረሻም ስለ ገበሬው ልጅ ልንገራችሁ። አባቱ ቃላቸውን ጠብቀው በሚቀጥለው ገበያ ይዘውት መጡ። ዝምተኛ ልጅ ነው። ምን እንደሚወድ ብጠይቀው «ሁሉንም» አለኝ፤ ልጆች ሽማግሌን ሲያከብሩ የሚሰጡት መልስ ነው። እኔም ሌላ ጥያቄ ከመጠየቅ ይልቅ በከሰሉ ላይ ውሃ ጣድሁና ቴርሞሜትር ሰጠሁት። ውሃው ፈላ። ልጁ አነበበ፤ ጠበቀ፤ ደግሞ አነበበ። ከዚያም ቀና ብሎ «መምህር፣ መጽሐፋችን መቶ ይላል፤ ይሄ ግን ዘጠና ነው። እኛ ቤት ግሼስ ስንት ይሆን?» አለኝ።

አባቱን ተመልክቼ «ተፈጥሮ ሳይንስ ይማር፤ ፊዚክስን ከሒሳብ ጋር አጥብቆ ይያዝ» አልኋቸው። ለልጁም ቴርሞሜትሩን ሰጥቼ «ቤትህ ስትደርስ ለክተህ ያገኘኸውን ጻፍ፤ ማንም ሠርዘው ቢልህ እንዳትሠርዘው» አልሁት።